ከእሷ በኋላ የሚጠጣ ማን ነው?

አንዲት ሴት ነበረች። ሸክላ ትሠራለች። እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ የእናቷም እናት እንደዚያው። በደቡብ፣ ደጋ ላይ ባለ አንድ መንደር ነው የምትኖረው። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እዚያ ነው እንጂ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ትላላችሁ።

ታደለች እንበላት። የመንደሩ ሰው ወጡን የሚሠራው እሷ ባበጀችው ድስት ነው። ውሃ የሚቀዳው እሷ በተኮሰችው እንስራ ነው። ድስቱን ይዛ ስትመጣ ግን ደጅ ትቆማለች። ግቢ የሚላት የለም። ከራባት ምግብ በኮባ ቅጠል ይሰጣታል። ለምን በቅጠል? ቅጠል ይጣላላ! ሳህን አይጣልም።

ወገኖቼ፣ ይሰማችኋል? እጇ የሠራው ድስት እሳት ላይ ተጥዷል። እጇ ግን ሳህን ያረክሳል።

ይህች ሴት ጌታን አገኘች። ተጠመቀች። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣና በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ሂጂ ያላት የለም። ጠጋ በይ ያላትም የለም። የጌታ እራት ሲደርስ ሽማግሌዎቹ «የራስሽን ኩባያ ይዘሽ ብትመጪ ጥሩ ነው» አሏት። ፈገግ ብለው ነው ያሏት። እሷም ይዛ መጣች። ጽዋው ለሁሉም ከዞረ በኋላ የተረፈው በኩባያዋ ይገለበጥላት ነበር።

ኋላ ለአጥቢያው አዲስ ወንጌላዊ ተመደበ፤ ማርቆስ የሚባል። ኩባያውን አይቶ ጠየቀ። ነገሩት። በሚቀጥለው የጌታ እራት ቀን ጽዋውን አንስቶ ባረከና፣ ወደ ፊት አግዳሚዎች መሄዱን ትቶ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

ሰዉ ዞሮ ያየዋል። ዝማሬው ቀጥ አለ።

ታደለች ፊት ቆመና «እህቴ፣ እንኪ ጠጪ» ሳይሆን፣ «እህቴ፣ ይህ ለአንቺ የፈሰሰ ነው» አላት። እሷ ኩባያዋን ዘረጋች። «በዚህ አይደለም» አላት፤ «ከጽዋው ነው።»

«ወንጌላዊ፣ እኔ መጨረሻ ላይ ይሻለኛል» አለች።

«ለማን ነው የሚሻለው?»

ጽዋውን ተቀበለች። ጠጣች።

አሁን ጽዋው ወደሚቀጥለው ሰው መሄድ አለበት። የሚቀጥለው ሰው ማን ነው? አቶ ኦይሳ። በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስተናግድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። ለልጆች «ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን» እያለ ለዓመታት ያስተማረ ሰው። የበኩር ልጁ ሊያገባ ቀን ተቆርጧል፤ የሙሽራዋ አባት አቶ ዳና ደግሞ ከፊት አግዳሚ ተቀምጧል።

ዳና ተነሥቶ ቆመ።

«ኦይሳ!» አለ። «ከዚያ ጽዋ ከጠጣህ ልጅህ ልጄን አያገባም። ይህን ሁሉ ሰው ምስክር አድርጌ ነው የምነግርህ።»

ኦይሳ ጽዋውን ተቀብሎ ይዟል። ከሴቶቹ ወገን ሚስቱ ባዩሽ ጮኸች፦ «የልጄ አባት፣ ተው! ልጃችንን አስብ!»

እውነቱን ልንገራችሁ? ኦይሳን የያዘው ሠርጉ ብቻ አልነበረም። የጽዋውን ከንፈር አየ፤ የእሷ ከንፈር የነካውን እርጥብ ቦታ አየ፤ ተጸየፈ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማረው ትምህርት ከአንገቱ በታች አልወረደም ነበር። ይህን ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ጽዋ ይዞ፣ ሰው ሁሉ እያየው።

ታደለች ቀና አለች። በዚያ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

«ጋሼ፣ ለእኔ አዝነው ከሆነ አይጠጡ» አለች። «እንዲታዘንልኝ አይደለም የመጣሁት። ልጅዎንም በእኔ ምክንያት አይጉዱ። ጌታ ለእርስዎም ነው የሞተው ብለው ካመኑ ግን፣ ያው እሱው ነው፤ ሌላ ጽዋ የለም።»

ኦይሳ ጠጣ። እያነቀው ጠጣ። እንባው በጉንጩ እየወረደ ጠጣ።

ዳና ወጣ። ብዙ ሰው ተከትሎት ወጣ። በሩ ጠባብ ስለሆነ ሲወጡ በታደለች አጠገብ ነበር የሚያልፉት፤ ልብሳቸው እንዳይነካት ሰብሰብ እያደረጉ። የቀሩት ጥቂቶች ጽዋውን እየተቀባበሉ ጠጡ። ባዩሽ አልጠጣችም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣ ቀረች።

ሠርጉ ፈረሰ። «ጌታ ሠርጉን መለሰላቸው» ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልመለሰላቸውም። ልጁ አባቱን «እኔን ሳትጠይቅ በእኔ ሕይወት ጻድቅ ሆንክ» አለው፤ ልብሱን ሸክፎ ከተማ ወረደ። ያን ክረምት ሙሉ ለአባቱ አንድ ቃል አልላከም።

በዚያው ክረምት ኦይሳ ወደ ታደለች ቤት ሄደ። ምናልባት መጽናናት ፈልጎ ይሆናል። ባሏን የሸክላ ጭቃ ሲረግጥ አገኘው። ታደለች ጎደሬ ቀቅላ ነበርና በሰፊ ገበታ አቀረበች፤ ባሏም እጁን ታጥቦ ከኦይሳ ጋር ተቀመጠ። ከአንድ ገበታ በሉ።

«ለጽዋው አመሰግንዎታለሁ» አለችው ታደለች። «ግን ጋሼ፣ ጽዋው በወር አንዴ ነው። እኛ በየቀኑ ነው የምንኖረው።»

ኦይሳ ቤቱ ገብቶ ይህን ለባዩሽ ነገራት። በማግስቱ ታደለች በደጃቸው ስታልፍ ወጣችና ጠራቻት። ተፋጥጠው ቆሙ።

«ልጄን ያጣሁት በአንቺ ምክንያት ይመስለኝ ነበር» አለች ባዩሽ። «ልቤ አሁንም እንደዚያ ይለኛል። አልዋሽሽም። ግቢ።»

ታደለች ገባች። ምሳ በሳህን ቀረበላት። ባዩሽ ከዚያው ሳህን ቆርሳ አጎረሰቻት። ሁለቱም አለቀሱ።

ልጁ በጥቅምት መጣ። አልታረቀም ገና፤ ግን መጣ። ዳና እስከ ዛሬ ሌላ አጥቢያ ነው የሚያመልከው። እዚያም የጌታን እራት ይወስዳል።

እናንተስ?

ሸክላ ሠሪ አንንቅም ትሉ ይሆናል። መልካም። ልጃችሁ «የማገባውን ሰው አገኘሁ» ስትላችሁ ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ምንድን ነው? «ጌታን ይወዳል ወይ?» ነው ወይስ «የየት አገር ሰው ነው? ዘሩ ምንድን ነው?» ቤት ስታከራዩ ስሙን ሰምታችሁ «ተይዟል» ያላችሁት ሰው የለም? መልኩ ጠቆር ስላለ በልባችሁ ያወጣችሁለት ስም የለም? ስሙን እዚህ አልጠራውም፤ ታውቁታላችሁ።

አጠገባችሁ ያለውን ሰው ተመልከቱ። አዎ፣ አሁን። አብራችሁት ዘምራችኋል፤ «አሜን» ብላችኋል። ቤቱን ታውቁታላችሁ? እናንተ ቤት ገብቶ ያውቃል?

መዋደድ ስሜቱ እስኪመጣ የሚጠበቅ አይደለም፣ ወገኖቼ። ኦይሳ አልወደደም ነበር፤ ጠጣ። ባዩሽ አልወደደችም ነበር፤ ግቢ አለች። ፍቅሩ በኋላ ነው የመጣው፤ እያነከሰ፣ እያመነታ ነው የመጣው።

የእግዚአብሔር ልጅ እናንተን ለመቀበል ንጹሕ እስክትሆኑ አልጠበቀም። ማናችንን ጠበቀ? ማናችን ነን ከእሱ ማዕድ በመብታችን የተቀመጥን?

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ለምሳ ብቻችሁን አትሂዱ። በልባችሁ የመጣውን ያንን አንድ ሰው፣ አዎ እሱን፣ ልትረሱት የምትሞክሩትን፣ ጥሩት። እምቢ ካላችሁ እንግዲህ በሚቀጥለው እሁድ ጽዋው ሲመጣ እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት አስቡበት።