ዶክትሬት በእኩል

አፏ እንደ ምላጭ የሰላ አንዲት የሒሳብ መምህርት ለዶክትሬት የመማሪያ ቦታ አገኘች፤ የሚከፍልላት ግን ጠፋ። መንግሥት በጀት የለም አላት፤ የውጭ ለጋሾች ዕድሜሽ አልፏል አሏት፤ ዘመዶቿ ባል አግቢ አሏት። ሳምንት ካለፈ ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ነው። ቢቸግራት እህል ነጋዴው አቶ ጥሩነህ በደገሱበት ቀን ሄዳ ለመነቻቸው።

እሳቸውም እንግዳው ሁሉ እንዲሰማ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እከፍልልሻለሁ ልጄ፤ ግን በእኩል ነው። ባለመሬትና አራሽ ምርቱን እኩል እንደሚካፈሉ፣ አንቺ ዶክተር ስትባዪ እኔም ዶክተር ጥሩነህ ልባል» አሉ።

እንግዳው አጨበጨበ። እሺ ብትል መሳቂያ ልትሆን፣ እምቢ ብትል ትምህርቱ ሊቀርባት ነው።

እጅ ነሥታ፣ «ደግ ነው ጌታዬ። በእኩል ሲታረስ መሬቱን የሚያቀርበው ባለጸጋው ነው፤ ለዶክትሬት የሚታረሰው ደግሞ ጭንቅላት ነው። እንግዲያው የእርስዎን ያቅርቡልኝና ነገ በጧት ልጥመድ» አለች።

ድግሱ በሳቅ ተናጋ፤ አንድ ሽማግሌን ጠጁ ትን አላቸው።

«የእኔ ጭንቅላት ምን ሆነና ነው የሚሳቀው?» ብለው አቶ ጥሩነህ ጮኹ።

«ምንም አልሆነም ጌታዬ፤ እንዲያውም ብዙ ዘመን ጦም ያደረ መሬት ሲያርሱት ምርቱ ለጉድ ነው።»

«ማዕረጉ ይቅርብኝ፣ እከፍላለሁ!» አሉ አቶ ጥሩነህ፣ «ብቻ እርሻውን ተይልኝ!»