በአደባባይ የተጠየቀችው ባልቴት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ድሃ መመዝገብ ነበረ። አቅም የሌለው ቤተሰብ በነጻ የሚታከምበት ደብተር እንዲሰጠው መንግሥት ባዘዘ ጊዜ፣ የአንድ ቀበሌ መዝገብ በእጁ ገባ። ከእሱ በፊት የነበረው መዝጋቢ ደብተሩን ለአበልጁና ለዘመዱ አድሎት ስለ ነበረ፣ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ሰው በነጻ ይታከም፣ ምንም የሌለው ደጅ ላይ ያቃስት ነበር።

ይህኛው ግን ቅን ሰው ነበረ። አድልዎ እንዳይገባ ብሎ አንድ ሥርዓት አወጣ። እሑድ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሜዳው ላይ ይሰበስበዋል፤ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ተነሥቶ ድሃ መሆኑን በአፉ ይናገራል፤ ጎረቤት ሲመሰክርለት ይጻፋል። ሕዝቡም፣ እንዲህ ከሆነ ማን ይዋሻል ብሎ አመሰገነው።

በዚያ ቀበሌ ጥጥ እየፈተለች የምታድር ባልቴት ነበረች። ደረቷን ካመማት ከርሟል፤ እየሳለች ትፈትላለች። መዝጋቢው ቤቷን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ከደጅ ይልቅ ውስጡ እንደሚዘንብ ያውቃል። ስለዚህ ለመጠራት ከተያዙት ስሞች የመጀመሪያውን፣ የእሷን፣ የጻፈው ራሱ ነበረ።

እሑድ ደረሰ። ከፊት ከተቀመጡት መካከል የባልቴቲቱን ልጅ ለልጃቸው ለማጨት በዚያው ሳምንት ሽማግሌ የላኩ ሰዎች ነበሩ።

«እትዬ ጠጂቱ» ብሎ ጠራት። «ድሃ ነዎት?»

ተነሣች። ሰዎቹ ዞረው አዩአት። ሳሏን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

«ተመስገን፣ እኔ ምን ጎድሎኝ?» አለች። «ለጎደለበት ስጥ።»

አንዲት ጎረቤቷ፣ የእሷ ሌማት ክዳኑ ነው የሚያምረው፣ ብላ በሹክሹክታ አሽሟጠጠች፤ አጠገቧ ያሉት ሳቁ። መዝጋቢው ብዕሩን አነሣ። ሥርዓቱን ለአንዷ ባፈርሰው ነገ ሁሉ ያፈርሰዋል ብሎ ፈራ። ስሟን ሰረዘው። ወደ ቤቱ ሲመለስም ማንም አላታለለኝም ብሎ ደስ አለው።

ልጅቱ በጥር ተዳረች። በየካቲት ባልቴቲቱን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት መዝጋቢው መንገድ ላይ አገኛቸው። ተሸካሚዎቹ ትከሻ ሲለዋወጡ ጎንበስ ብሎ፣ ችግርዎን ስለ ምን ደበቁኝ፣ ብሎ ወቀሳት።

«አደባባይ ጠየቅኸኝ፣ የአደባባይ መለስኩልህ» አለችው በሰለለ ድምፅ። «በደጄ ስትመላለስ ኖረሃል። አንድ ቀን ገብተህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር፣ ልጄ።»

ገና ሲጀምራት ብትመጣ ትድን እንደ ነበር ሐኪሙ ተናገረ። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ስብሰባውን ተወው። በየቤቱ ገብቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፤ ሌላ ሳይሰማ ይጽፋል። ብዙ ሰው በዚህ ዳነ። በእሷ ደጅ ሲያልፍ ግን እግሩ ይቆማል፤ በሩ አለ፣ የሚመልስለት የለም።

ይህን ታሪክ የተናገሩት አንድ መምህር ነበሩ፤ ጨርሰውም ወደ ጠየቃቸው ወጣት ሹም ዞሩ።

«በነጻ እናክማችሁ ስንላቸው ድሆቹ ስለ ምን አይመጡም ብለህ ጠየቅኸኝ። ያ መዝጋቢ አንተን ይመስላል፤ ሌባ አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም። አንተም ስማቸውን በቢሮህ ግድግዳ ላይ ለጥፈሃል አሉ፤ አላፊ አግዳሚው ያነብበዋል። ልጄ፣ ለተቸገረ ሰው የቀረው ልብስ ክብሩ ነው። መድኃኒት ልስጥህና እሱን አውልቅ ብትለው፣ ለብሶት ይሞታል እንጂ አያወልቅልህም። አሁን ሂድና ወረቀቱን አንሣው፤ ከዚያ በየደጁ ዙር። ዘግይተህ የምትደርስበት ቤት ግን አይጠፋም።»