የድንገተኛ ሕመም ዝርዝር ከነቀኑ

አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ጉሊት ተቀምጠው ሽንኩርት ሲቸረችሩ ኖረው በስተርጅና የአረጋውያን መጦሪያ የገቡ። ጉልበታቸው ደከመ እንጂ ምላሳቸው አልደከመም። መጦሪያው ድረስ አምቡላንስ የሚያስገባ መንገድ የለም። ባለፈው ወር እንኳ የአልጋ ጎረቤታቸው በቃሬዛ ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ ሁለት ጊዜ ከነቃሬዛው ወድቀዋል።

መንገድ ይውጣ ተባለና ሰፈርተኛው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። አንዷ "ያሰጣሁት በርበሬ አቧራ ሊለብስ ነው" አለች። ሰብሳቢው አቶ ጌጤነህ ደግሞ አጥራቸው ሊነካባቸው ነውና፣ በአምቡላንስ ጩኸት ዶሮዎቻቸው እንቁላል መጣል እንደሚያቆሙ ሊያስረዱ ተነሱ። ንግግራቸውን ከአያታቸው በቅሎ ጀመሩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ገና "ወደ ዋናው ነጥቤ ስመጣ" ይላሉ። ሁለት የመጦሪያው ሽማግሌዎች ወንበራቸው ላይ ተዝለፍልፈው ውሃ ተረጨባቸው።

በመጨረሻ አቶ ጌጤነህ ጠረጴዛውን መቱ።

"ድንገተኛ ሕመም የሚባል ነገር አላውቅም! እኔ በዕቅድ ነው የምሠራው። ማን በየትኛው ቀን እንደሚታመም ዝርዝሩን አምጡልኝ፤ አጥሬን ዛሬውኑ በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ!"

ባልቴቲቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"ጌታዬ፣ ቀኑን እኛ ከየት እናውቀዋለን? የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? እኔ ምን አውቄ?"

"ቀጣዩን ንግግርዎን መቼ እንደሚያደርጉ ይንገሩንና ሁላችንንም በዚያ ቀን ይጻፉን።"