ጎሿ ያለቀሰች ቀን

ተረቴን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በአንድ አገር፣ ምንጩ የእኔ ብቻ ነው የሚል ጨካኝ አንበሳ ነበር። ጎሾች እሱ ሳይጠግብ ውሃ አይቀምሱም። ሲርበው ከጥጆቻቸው አንዱን ይበላል፤ እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። ታማኝ አሽከሩ ቀበሮ ከጎኑ አይለይም።

አንድ ቀን ጥጃዋ የተበላባት ጎሽ ምንጩ ዳር ቆማ አለቀሰች።

«ዝም በይ! ከዛሬ ጀምሮ በአገሬ ማልቀስ ክልክል ነው» አላት አንበሳው።

«ጌታዬ፣ ውሃ ሲከለክሉኝ ቻልኩ። ልጄን ሲበሉብኝም ቻልኩ። አታልቅሺለት ሲሉኝ ግን አልችልም» አለችና ድምጿን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።

ከኋላዋ ያለችውም አለቀሰች፤ ቀጥሎ ሌላዋ፣ በመጨረሻም መንጋው በሙሉ። ልቅሶው እየበረታ እንደ ነጎድጓድ ሆነ። ጎሾቹ ቀንዳቸውን ቀስረው ሲነሡ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ አቧራው ፀሐይን ጋረዳት። አንበሳው እግሬ አውጪኝ ብሎ ሸሸ፤ ቀበሮም ተከተለው።

ኮረብታው ላይ ሲደርስ አንበሳው እያለከለከ ዞሮ አየ። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ጎሽ ብቻ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አለ።

ቀበሮ ዓይኑን ከሜዳው መንቀል አቅቶት፣ «ጌታዬ፣ ከየትም አልመጡም፤ ሁልጊዜም እዚሁ ነበሩ» አለው።