ከድልድዩ ሥር የነበረው አትክልት

በእኛ ሰፈር፣ ሰው ደግ ላድርግ ብሎ መተዳደሪያውን ሲያጣ የሚባል አንድ አባባል አለ። ወጣቶቹ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ይሉታል። እኔ ግን መነሻውን ከእድራችን ዳኛ ከአቶ ወልደሰንበት ከራሳቸው ሰምቼዋለሁ።

ከድልድዩ ሥር ቆሻሻ ይጣልበት የነበረውን ቦታ መጀመሪያ ያጸዱት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። አምስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ፤ ጎመን እንኳ ከገበያ መግዛት ከብዷቸው ነበር። እሳቸውን አይቶ ጎረቤቱ ተከተለ። እግዚአብሔርም ባረከው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሀያ ሁለት ቤት ከዚያ መሬት ካሮትና ቀይ ሥር፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ይበላ ጀመር። ቦታው ግን በወረቀት የእነሱ አልነበረም።

አንድ ቀን፣ ረቡዕ ከመሬት ቢሮ ቦታውን የሚያይ ሰው ይመጣል ተባለ። ለምቶ ካየው ለሰፈሩ ያጸናዋል፤ ባዶ ካየው ለመኪና ማቆሚያ ይሰጣል።

ወይዘሮ የሺመቤት እንግዳው አንድ ነገር ሳይቀምስ አይሸኝም አሉ። ቀኑ ጾም ነው፤ የሚቀርበውም ያው አትክልቱ ነው። ከየመደቡ ጥቂት ጥቂት ይበቃል ቢሉም ጎረቤታቸው አልጋነሽ አልተዋጠላትም።

«እትዬ የሺ፣ የእርስዎ ጥቅል ጎመን ሲቀርብ የእኔ ካሮት ምን አጥፍቶ ነው አፈር ውስጥ የሚቀር?» አለች።

ከዚያ በኋላ ቆጠበ መባልን ማን ይወዳል? ከማለዳ ጀምሮ ሁሉም የየራሱን መደብ ነቀለ።

እንግዳው አረፋፍዶ፣ እየተጣደፈ ደረሰ። ከፊቱ ረጅም ገበታ፣ ከገበታው ጀርባ የተገለባበጠ አፈር አየ።

«አትክልቱ የታለ?» አለ።

«ይኸው ቀርቦልሃል የኔ ጌታ፤ በሞቴ ቅመስ» አሉት ወይዘሮ የሺመቤት።

ቀመሰ፤ ጣፈጠውም። አቶ ወልደሰንበት በየመደቡ እያዞሩ፣ ይሄ የካሮት ነበር፣ ያ የቀይ ሥር ነበር ብለው አስረዱት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ሳይቀር ነካው።

«አባቴ፣ እኔ የምሞላው ያየሁትን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የበላሁትን የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

ክረምት ሳይገባ ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። ወይዘሮ የሺመቤት እናብላው ያልኩት እኔ ነኝ እያሉ ቆርቆሮውን ተደግፈው ሲያለቅሱ፣ አልጋነሽ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። አቶ ወልደሰንበት ጠጋ ብለው የመጨረሻውን መደብ በገዛ እጄ የነቀልኩት እኔ ነኝ አሏቸው፤ እንዲህም ሲሉ ጨመሩ፦ «ሊያይ የመጣን ላብላ ብሎ፣ ቀረ ጓሮውን ነቅሎ።»