የእትዬ ሙጪት በር አልከፈትም ያለ ዕለት

አታምኑኝም! ብዋሽ ያ የጎርፍ ጭቃ ምላሴን ይጠቅልለው፤ ግን አታምኑኝም። እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ፣ ያወራልኝን ሰው በዱላ አባርረው ነበር።

ወንዙ ሞልቶ መንደራችንን ጠራርጎ ሄደ። ዓሣ ከዶሮ ቆጥ ላይ ሆኖ "እንዴት አደራችሁ" ያለበት ጎርፍ ነው! ውሃው ሲሸሽ ባልቴቷ እትዬ ሙጪት አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ቤታቸው ጣሪያ ሥር የሰቀሉትን የሽምብራ ዘር። ሽምብራ ማሳው ሳይደርቅ ካልተዘራ አለቀለት፤ ፀሐይዋ ደግሞ መጥበስ ጀምራለች። ዘሩ ካልወጣ ዓመቱን ምን ሊበሉ?

"አንተ በር፣ ተከፈትልኝ" አሉ።

በሩ "ጭቃ ይዞኛል፣ አልከፈትም" አለ።

ጭቃውን ለመኑት። ጭቃው "አካፋ ካልዛቀኝ አልነሳም" አለ።

አካፋው ያለው አያ ስንሻው እጅ ነው። አያ ስንሻው "ዛሬ ሚካኤል አይደል እንዴ? መምሬ ካልፈቀዱ አልዝቅም" አለ። አካፋው አልዝቅም፣ ጭቃው አልነሳም፣ በሩ አልከፈትም!

መምሬ ደምሌ ጋ ሄዱ። "ለባልቴት መሥራት በዓል መሻር አይደለም፣ ጽድቅ ነው" አሉ መምሬ። "ግን መጀመሪያ አካፋ ያነሳ ሰው የመንደሩ ሐሜት ይበላዋል። እነዚያ እንግዶች ይጀምሩት፣ እከተላለሁ።" መምሬ አልጀምርም፣ አካፋው አልዝቅም፣ ጭቃው አልነሳም፣ በሩ አልከፈትም!

እንግዶቹ ከከተማ የመጡት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ልጆች ብዬ ነው እንጂ ግመሎች ናቸው! ዱቄቱን በራሳቸው፣ ብርድ ልብሱን በጀርባቸው፣ እስከ ደረት ውሃ እየሰነጠቁ ገቡ። አንዷማ የአያ ስንሻውን ላም በብብቷ ይዛ ነው ከረግረግ ያወጣቻት፤ ላሟ እስካሁን ታፍራለች።

አለቃቸው ምናሉ አንገቱን አከከ። "እትዬ፣ እኛ ስንዘምር ተራራ እንንዳለን። ሳንዘምር ግን ማንኪያ አናነሳም። ከበሮው ደግሞ ውሃ ገብቶበት ድምፁ ጠፋ።"

"በእጃችሁ አታጨበጭቡም?"

"በእጃችን ካጨበጨብን ጭቃውን በምን እንዛቅ?"

ከበሮው አልመታም፣ ልጆቹ አንዘምርም፣ መምሬ አልጀምርም፣ አካፋው አልዝቅም፣ ጭቃው አልነሳም፣ በሩ አልከፈትም!

ከበሮውን እሳት ያድርቀው ተባለ። እሳቱ "ደረቅ ኩበት ካልሰጣችሁኝ አልነድም" አለ። መንደሩ ተፈለገ፤ ኩበቱ ሁሉ ገንፎ ሆኗል። ደረቅ ኩበት የተረፈው የት ቢሆን ጥሩ ነው? እትዬ ሙጪት ቤት፣ ጣሪያ ሥር፣ ከዘሩ አጠገብ! ከዚያው ካልተከፈተው በር ጀርባ!

ኩበቱ አልወጣም፣ እሳቱ አልነድም፣ ከበሮው አልመታም፣ ልጆቹ አንዘምርም፣ መምሬ አልጀምርም፣ አካፋው አልዝቅም፣ ጭቃው አልነሳም፣ በሩ አልከፈትም!

እትዬ ሙጪት ማሳውን አዩ። ጫፍ ጫፉ መሰንጠቅ ጀምሯል። ደማቸው ፈላ። ጎርፉ ያመጣውን ባዶ ቢጫ ጀሪካን ገለበጡና በምርኩዛቸው አቀመሱት። "ድም! አልከፈት አለኝ! ድም! አልነሳ አለኝ! ድም ድድም! ዘሬን!"

የምናሉ ትከሻ ብቻውን ተነቃነቀ። አንዷ እልል አለች። ከዚያማ ማን ይያዛቸው!

ጀሪካኑ ሲመታ ልጆቹ ዘመሩ፣ ልጆቹ በእጃቸው መዛቅ ሲጀምሩ መምሬ ካባቸውን ጥለው ገቡ፣ መምሬ ሲገቡ አያ ስንሻው አፍሮ ዛቀ፣ አካፋው ሲዝቅ ጭቃው ተነሳ፣ ጭቃው ሲነሳ በሩ ሲጥ ብሎ ተከፈተ! ጭቃው እንዴት በረረ መሰላችሁ፤ ማዶ ቀበሌ "ሌላ ጎርፍ መጣ" ብለው ዛፍ ላይ ወጡ።

ዘሩ እንደ ደረቀ ወጣ። ልጆቹ በዚያው ዜማ፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ፀሐይ ሳትቀድማቸው ዘርተው ጨረሱት። እትዬ ሙጪት ግንባራቸውን እየዞሩ ሳሟቸው። ምርቃታቸው ቢዘራ ሌላ ማሳ ይሞላል።

ኋላ ምናሉ ከቤቱ ውስጥ ኩበት ታቅፎ ብቅ አለ። "በሉ እሳት አንድዱ! ከበሮውን እናድርቀው!"

ይሄኔ መምሬ ደምሌ፣ ከጭቃው ውስጥ ጢማቸው ብቻ እየታየ፣ ጮኹ፦

"ተወው ከበሮውን! ለመጪው ማኅሌት ጀሪካኑን አምጡልኝ!"