ቀላድ የማይፈርደው

አንድ ቀላድ ጣይ ነበረ፤ ስንሻው ይሉታል። ሠላሳ ዓመት የሰው መሬት በገመድ ሲለካ ኖሮ አንድ ስንዝር ስቶ አያውቅም። በዚህም እጅግ ይኮራ ነበር።

በአንድ ክፉ የድርቅ ዓመት የአገሩ ምንጮች ነጥፈው አንዲት ብቻ ቀረች። ከላይ ሰፈር አንድ ባለጸጋ «በመሬቴ ውስጥ ናት» ብሎ በእሾህ አጠራት። የታች ሰፈር ሰዎች «የለም፣ ከወሰንህ ውጭ ናት» አሉ። ነገሩ በቀላድ ይለይ ተባለ። ስንሻው ራሱ የታች ሰፈር ሰው ነው፤ ልጆቹም ላሞቹም የሚጠጡት ከዚያችው ምንጭ ነው።

ጎረቤቶቹ ማልደው መጡ። «አያ ስንሻው፣ እባክህ ቀላዷን ትንሽ ሳብ አድርጋት። ማን ያይሃል?»

«እኔ አያለሁ» አላቸው።

ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ ለካ። ምንጯ ከወሰኑ አራት ክንድ ወደ ባለጸጋው መሬት ገብታ ተገኘች። ልጆቹ ታወሱት። ቢሆንም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ምንጯ ያለችው በጌታው መሬት ነው» አለ። እንስራ ይዘው የቆሙት ሴቶች አለቀሱ።

ባለጸጋው ደስ አለው። «ቀላዱ ፈረደ! እንግዲህ ብዘጋት የሚጠይቀኝ የለም።»

ስንሻው ቀላዱን መሬት ላይ አኖረና ሄዶ በባዶ እጁ እሾሁን ያዘ።

«ጌታው፣ ቀላዱ የነገረን ምንጯ የት እንዳለች ነው። ሰው በውኃ ጥም ይለቅ ሲል እኔ አልሰማሁትም፤ እርስዎም አልሰሙት።»

«ታዲያ አንተ ይህን በምን ለካኸው?»

«አልለካሁትም። የተጠማ ሰው ቆሞ ውኃ መዝጋት ነውር ነው፤ ይህን የምለው እኔ ስንሻው ነኝ።»

ባለጸጋው ትክ ብሎ አየው። በገዛ ልጆቹ ላይ እውነት የመሰከረን ሰው ውሸታም ሊለው አፉ እምቢ አለው። ቀረብ ብሎም የእሾሁን ሌላ ጫፍ ያዘ፤ አጥሩንም አብረው አነሡት።

ይህን ታሪክ ለአንድ ተማሪያቸው ጥያቄ መልስ አድርገው ሲተርኩ የነበሩት መምህር፣ እዚህ ሲደርሱ ወደ ተማሪው ዘወር አሉ። «ልጄ፣ ‹የሆነውን ካወቅሁ የሚገባውንም አወቅሁ ማለት አይደለም ወይ?› ብለኸኝ ነበር። አይደለም። ባለጸጋው ‹የእኔ ናት› የሚለውን ይዞ ‹ልዘጋት ይገባኛል› ብሎ ዘለለ። ጎረቤቶቹም የሚገባው እንዲሆን ብለው የሆነውን ሊያጣምሙ ፈለጉ። አንተ ግን ያለውን፣ ቢጎዳህም፣ እንዳለ ተናገር። የሚገባውን ስትናገር ደግሞ በራስህ ስም ተናገር፤ ‹ነገሩ ነው ያስገደደኝ› ብለህ አትሸሸግ። እንዲህ ያለ ሰው በማንም ፊት ቀና ብሎ ይሄዳል።»